«180,000 ብር ተቀበሉና ፈርሙ» እየተባልኩ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ለሕግ ዓምድ አዘጋጇ፤ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ከሥራ ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤት ሲመለስ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ገጭቶት ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። ሦስት ልጆች ጥሎብኝ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ትልቋ 14፣ መካከለኛው 9፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነበር። እናቱ ገጠር ናቸው፤ 68 ዓመታቸው ሲሆን በየወሩ 1,500 ብር ይልክላቸው ነበር። የቀን ክፍያው 700 ብር ነው፤ ዝናቡም በዓሉም ተቀናንሶ በወር ወደ 20 ቀን ይሠራል። ለምሳ፣ ለትራንስፖርትና ለልብስ ለራሱ የሚይዘው ከ4,000 ብር አይበልጥም፤ የእናቱን ልኮ የቀረውን ለእኔ ያመጣል።

አሁን የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ልኮ «180,000 ብር ተቀበሉና ፈርሙ፤ በቃ እንለያይ» ይላል። ሽማግሌዎቹም «ዕድሩ ከፍሎሻል፣ ኢንሹራንሱም ይከፍልሻል፤ ደግሞ ያለ ዜብራ ነው የተሻገረው፤ ሾፌሩም በነፃ ተለቋል፤ ብትከሺም የምታገኚው የለም» ይሉኛል። ለባለቤቴ 60,000 ብር ያበደረ ሰው «ካሳው ሲመጣ መጀመሪያ የእኔ ይከፈል» ብሎኛል። የባለቤቴ ወንድሞችም «ውርስ ስለሆነ ለእኛም ይደርሰናል» ማለት ጀምረዋል። ግራ ገብቶኛል። በሕግ ስንት ይደርሰናል? እንዴትስ ነው የሚሰላው?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ (ጥቅምት 2018)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ መጀመሪያ ያነሣሁት ካልኩሌተር ነው። 180,000ን ለ10,000 አካፈልኩት፤ 18 ወጣ። 10,000 ያልኩት ባለቤትዎ በየወሩ ለእርስዎ፣ ለልጆቹና ለእናቱ ያወጣ የነበረውን ነው፤ 700 ብር በ20 ቀን 14,000 ይሆናል፣ ለራሱ የሚይዘው 4,000 ሲቀነስ 10,000 ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት እንግዲህ የአሥራ ስምንት ወር ወጪ ነው። አደጋው ከደረሰ ደብዳቤዎን እስከጻፉበት ቀን ድረስ አሥራ ስድስት ወር አልፏል። ገንዘቡ ያለፈውን ሸፍኖ ለወደፊት የሚተርፈው ለሁለት ወር ብቻ ነው። ትንሹ ልጅዎ 18 ዓመት እስኪሞላው ግን ገና ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ይቀረዋል።

ስሌቱን ከማስፋቴ በፊት ስለ ቀኑ ልንገርዎ፤ ቀኑ ካለፈ ስሌቱ ዋጋ የለውም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። የእርስዎ ሁለት ዓመት ሰኔ 2018 ላይ ይሞላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል የሚል ተጨማሪ ድንጋጌ አለ፤ ሾፌሩ በነፃ ተለቋል በሚባልበት ጉዳይ ግን እኔ በዚያ ላይ ተማምኜ አልተኛም። ስምንት ወር ብዙ ይመስላል። «የሚቀጥለው እሑድ እንጨርሰዋለን» የሚሉ ሽማግሌዎች ባሉበት ግን ሦስቱ ወር ሳይታወቅ ይሄዳል። እርቁም ይቀጥል፣ ክሱም ይዘጋጅ፤ አንዱ ሌላውን አያግድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁጥር 2095 የሚለው ይህን ነው፦ ተጎጂው ከሞተ ባል ወይም ሚስቱ፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩት ወላጆቹና ወደ ታች የሚቆጠሩት ልጆቹ በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት በየራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሳውም የሚሰጠው በመተዳደሪያ ቀለብ መልክ ነው። «በየራሳቸው ስም» የሚለውን አስምሩበት፤ የወንድማማቾቹንም የአበዳሪውንም ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ይህ ገንዘብ የባለቤትዎ ገንዘብ ሆኖ አያውቅም፤ ሲሞት የተወው ንብረት አይደለም። የውርስ ሕጉም በቁጥር 828 በሰው ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚከፈል ካሳ የውርስ አካል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። አበዳሪው ባለቤትዎ ትቶት የሄደ ንብረት ካለ ከዚያ ላይ ይጠይቅ፤ ከልጆቹ የዕለት ጉርስ ላይ ግን እጁን ያንሣ። የባለቤትዎ ወንድሞችም በቁጥር 2095 ዝርዝር ውስጥ የሉም። እናቱ ግን አሉ፤ እሳቸውን እንዳይረሱ።

እናቱን እንዳይረሱ የምለው እኔ ረስቼ ስለማውቅ ነው። ጠበቃ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሚስትና ሁለት ልጆች ወክዬ ከሰስኩ። ሟቹ ለእናቱም ይልክ እንደነበር ደንበኛዬ በጨዋታ መሐል ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን እናትየው ቢሮዬ አልመጡም፣ ውክልናም አልሰጡኝም፤ «የቤተሰቡ ካሳ» ብዬ አንድ ድምር ጽፌ ገባሁ። ፍርዱ መጣ፣ ለሚስቲቱና ለልጆቹ ተከፈለ። እናትየው በስድስተኛው ወር ቢሮዬ ሲመጡ ይርጋው አልፏል። ከዚያ ወዲህ የካሳ ክስ ስጽፍ ገጹ ላይ አንድ ድምር አላስቀምጥም። በቀላል ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ሰው በየመስመሩ አስቀምጣለሁ፦ ማን፣ በወር ስንት ያገኝ ነበር፣ እስከ መቼ።

የእርስዎንም እንደዚያው ላስቀምጠው። ከ10,000 ውስጥ የእናቱ 1,500 ነው። 8,500 ለእርስዎና ለሦስቱ ልጆች ይቀራል። ሕጉ «ለሚስት ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል» አይልም፤ እኔ ግን ለማሳያ ያህል እርስዎን ሁለት ድርሻ፣ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ድርሻ አድርጌ በአምስት አካፍለዋለሁ። አንዱ ድርሻ 1,700 ብር ይመጣል። ትልቋ 18 እስኪሞላት አራት ዓመት፣ 48 ወር ነው፤ 81,600 ብር። መካከለኛው ዘጠኝ ዓመት፣ 108 ወር፤ 183,600። ትንሹ አሥራ አራት ዓመት፣ 168 ወር፤ 285,600። የእናቱን ዕድሜ ማንም አያውቀውም፤ ዳኛው ጤንነታቸውንና ዕድሜያቸውን አይቶ ይገምታል፤ እኔ ሰባት ዓመት ብዬ ይዣለሁ፤ በወር 1,500 ሲሆን 126,000 ብር። የእርስዎ በወር 3,400 ነው። ባለቤትዎ እስከ 60 ዓመቱ ቢሠራ 22 ዓመት ይቀረው ነበር፤ 897,600 ብር። ሁሉም ሲደመር 1,574,400 ብር።

ይህን ቁጥር አይተው ደስ አይበልዎ፤ ተከሳሹም ዝም ብሎ አያልፈውም። በመጀመሪያ «ግንበኛ እስከ 60 ዓመቱ ስካፎልድ ላይ ይወጣል?» ይላል። 60 የጡረታ ዕድሜ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ግን ጡረታ አይወጣም፤ ጉልበቱ ሲደክም ይቆማል። ዳኛው 22ቱን ወደ 17 ወይም ወደ 15 ሊያወርደው ይችላል። ሁለተኛ «የዛሬ ሃያ ዓመት የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ቅናሽ ሊኖረው ይገባል» ይላል። ይህም ከንቱ ክርክር አይደለም፤ ግን የቀን ክፍያም ከዓመት ዓመት መጨመሩን ማሳየት የእርስዎ ፋንታ ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት የግንበኛ ቀን ክፍያ ስንት እንደነበር ለፍርድ ቤቱ የሚነግር ምስክር ይዘው ይምጡ። ሦስተኛ፣ እርስዎ ወጣት ነዎትና ነገ ያገባሉ የሚል ክርክር ይመጣል። ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ተከራካሪውን «ሽማግሌ ሆነህ ላክልኝ» ልለው ይቃጣኛል።

በእርስዎ በኩልም ያልተቆጠረ ነገር አለ። ትልቋ 18 ሲሞላት ባለቤትዎ 1,700 ብሯን ወንዝ አይጥላትም ነበር፤ ለታናናሾቿና ለእርስዎ ትውል ነበር። ስለዚህ የእኔ ስሌት ዝቅ ያለው ስሌት ነው። 10,000ውን እንዳለ በ22 ዓመት ቢያባዙት 2,640,000 ብር ይመጣል። እውነተኛው ነገር ከእነዚህ በታችም በመካከልም ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው መጠን በማስረጃ ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው የነገሮችን የተለመደ አካሄድ አይቶ በርትዕ፣ ማለትም በኅሊናው ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲወስን ቁጥር 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። በእኔ ልምድ ዳኛው ርትዕን የሚያነሣው ከፊቱ የተቀመጠ ስሌት ሲያጣ ነው። ጥሩ ሠንጠረዥ ይዞ የመጣ ሰው በርትዕም ይጠቀማል።

ሽማግሌዎቹ ያሉትን አንድ በአንድ ልመልስ። ዕድሩ የከፈለው ባለቤትዎ ራሱ ለዓመታት ካዋጣው ነው፤ ለመኪናው ባለቤት ተብሎ የተዋጣ የለም፤ ከካሳው አይቀነስም። ሾፌሩ በወንጀል በነፃ መለቀቁም የካሳውን ክስ አይዘጋም፤ የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነፃነት እንደማይታሰር ቁጥር 2149 ይናገራል። ከዚህም በላይ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚያደርገው ጥፋት ስላጠፋ አይደለም፤ መኪናው የእሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ከዚያ የሚያመልጠው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካስረዳ ነው። እንግዲህ የዜብራው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላን ላይ ባለቤትዎ የወደቀበት ቦታ፣ የፍሬን ምልክቱ፣ ዜብራው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ተሥሏል፤ ፕላኑን ግልባጭ ያውጡ። ዳኛው ባለቤትዎ አንድ አራተኛ ጥፋት አለበት ቢል እንኳ ከ1,574,400 ላይ የሚቀነሰው አንድ አራተኛ ነው፤ 1,180,800 ይቀራል። ከ180,000 ጋር ያስተያዩት።

ኢንሹራንሱም አለ። በ799/2005 አዋጅ መሠረት እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። መድን ሰጪው ግን የሚከፍለው በሕግ በተወሰነለት ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ይከፍላል። «ኢንሹራንስ ይከፍልሻል» ማለት «እኔን ተይኝ» ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ ኩባንያው ቢሮ ሲሄዱ የሚያስፈርምዎትን ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ «ከዚህ በኋላ ከማንም ምንም አልጠይቅም» የሚል መስመር ካለ ያሰርዙ።

በሽማግሌ የሚፈረመው ወረቀትም እንዲሁ ነው። በእርቅ የተፈረመ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ ነገ «አልገባኝም ነበር» ማለት አይቻልም። ለእኔ እርቅ ክፉ አይደለም፤ አንድ ሚሊዮን ብር በሦስት ዓመት ክርክር ከማግኘት ስምንት መቶ ሺህ ብር በሦስት ወር ማግኘት የሚሻልበት ቤተሰብ አለ። የልጆቹን ድርሻ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ በፊርማዎ አይጨርሱት። ገንዘቡ ሲወጣም የልጆቹ ድርሻ በየስማቸው በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥና ለትምህርት ቤትና ለሕክምና በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲወጣ ያስደርጉ። ወንድማማቾቹ ሲመጡ «ባንክ ነው፣ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ» የሚል መልስ ይኖርዎታል።

በየወሩ ይከፈል ወይስ በአንድ ጊዜ? ሕጉ የቀለብ መልክ ይላል፤ ቀለብ ደግሞ በየወሩ ነው። ዳኛው በየጊዜው እንዲከፈል ካዘዘ ከፋዩ ዋስትና እንዲያቀርብ ያዛል። ተከሳሹ ትልቅ ድርጅት ወይም ብዙ መኪና ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ወርኃዊውን እመርጥ ነበር። አንድ ገልባጭ ብቻ ያለው ሰው ግን መኪናውን ከሸጠ በኋላ በየወሩ ከማን በር ይቆማሉ? ደግሞም 1,700 ብር ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚገዛ እርስዎም እኔም እናውቃለን። በእርስዎ ጉዳይ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ይጠይቁ፤ መኪናውም እንዳይሸጥ ክሱ ሲከፈት አብሮ የእግድ አቤቱታ ያስገቡ። በሕግ የተወሰነውን 9 በመቶ ወለድም መጠየቅ አይርሱ።

አሁን ማስረጃ። ከደሞዝተኛ ይልቅ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ደሞዝ የሚከፈልበት ፔሮል የለም፤ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ የለም። ካቦው ግን ደብተር አለው። ባለፈው ዓመት አንድ ጉዳይ ላይ የቀረበልኝን ደብተር አስታውሳለሁ፤ ጠርዙ በሲሚንቶ የጠነከረ፣ ገጾቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ በመስመር የተከፋፈሉ፤ በየስሙ ፊት ለሠራበት ቀን እንጨት (ቀጥ ያለ ጭረት)፣ ለቀረበት ክብ። ሟቹ በአራት ወር ውስጥ ሰባ ዘጠኝ እንጨት ነበረው። ዳኛዋ ራሷ ቆጠረችው። ያ ደብተር ከአምስት ምስክር በላይ ሠርቷል። ባለቤትዎ ከሚሠራበት ቦታ ሄደው ካቦውን ያግኙ፤ ደብተሩ ሳይጠፋ ፎቶ ያንሡት፤ ካቦውንም በምስክርነት ይዘርዝሩት። ለእናቱ የላከው በቴሌብር ከሆነ ስልኩ ላይ ያለውን መልእክት አያጥፉ፤ በባንክ ከሆነ የሒሳብ መግለጫ ያውጡ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለዎት አይደንግጡ፤ እንደ ባልና ሚስት ትኖሩ እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ግን ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አሁኑኑ ያውጡ፤ ወረፋው እንደሚያውቁት ነው። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በደሃ ደንብ መክሰስ ይፈቀዳል።

የቀብር ወጪውንና ከመሞቱ በፊት ሆስፒታል የወጣውንም በዝርዝሩ ላይ ይጨምሩ። ለሐዘንዎ ግን ሕጉ የሚከፍለውን ብነግርዎ ያዝናሉ፤ የኅሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር መብለጥ አይችልም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ 1,000 ብር ብዙ ነገር ይገዛ ነበር። ዛሬ የባለቤትዎ የቀን ተኩል ክፍያ እንኳ አይሞላም። ፓርላማው ይህን ቁጥር ሳይነካው ይህን ሁሉ ዘመን ማለፉን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትዎ የሞተው ሥራው ላይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ሌላ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ሲሞት ለጥገኞቹ የአምስት ዓመት ደሞዝ ይከፈላል፤ ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ይረዳቸው ለነበሩ ለእያንዳንዱ ወላጅ 10 በመቶ። የእርስዎ ቤተሰብ ሲደመር 90 ይመጣል፤ ቀሪው 10 በየድርሻው ይታከላል። በ14,000 ብር ደሞዝ 840,000 ብር ይሆናል። ከሥራ ወደ ቤት መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን የሥራ ጉዳት የሚሆነው ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲጓዝ ከሆነ ነው። ባለቤትዎ በእግሩ ስለነበር ይህ በር ለእርስዎ አይከፈትም። የመኪናው ባለቤት በር ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ሾፌር ነበርኩ፤ 45 ዓመቴ ነው። ሌላ መኪና ከኋላ ገጭቶኝ ቀኝ እጄ ተጎድቷል። የሐኪሞች ቦርድ 40 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ብሎኛል። 18,000 ብር ደሞዝ ነበረኝ፤ አሁን በጥበቃ ሥራ 6,000 አገኛለሁ። አንድ የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው «የአራቱን ልጆችህን ቀለብ ለብቻ ክሰስ፣ ካሳህ በእጥፍ ይሆናል» ብሎኛል። እውነት ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ምክር ለሰጠዎት ሰው ገንዘብ ካልከፈሉ አይክፈሉ። ልጆችዎ የሚበሉት ከደሞዝዎ ነው። የጠፋውን ደሞዝ እርስዎ ሲጠይቁ የልጆቹ ቀለብ በውስጡ አለ፤ ለብቻ ደግሞ ከጠየቁ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሆናል፤ ቁጥር 2091 ደግሞ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የልጆች የራሳቸው የቀለብ ጥያቄ የሚነሣው አባት ሲሞት ነው።

ይልቅ ሳያውቁት የሚያመልጥዎት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የሟች ካሳ ሲሰላ ሟቹ ለራሱ ያወጣው የነበረው ይቀነሳል፤ እርስዎ ግን በሕይወት አሉ፣ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፤ ስለዚህ ከእርስዎ ላይ ምንም አይቀነስም። ተከራካሪዎ «ለራሱ የሚያወጣው አንድ ሦስተኛ ይቀነስ» ካለ ከሟች ጉዳይ የቀዳው ነው፤ ይቃወሙ። ሁለተኛው የ40 በመቶው ነገር ነው። ቦርዱ የለካው እጅዎን ነው፤ ደሞዝዎን አልለካም። 18,000ን በ40 በመቶ ቢያሰሉ በወር 7,200 ይመጣል፤ እስከ 60 ዓመትዎ ባሉት 180 ወራት 1,296,000 ብር። በእውነት የጎደለብዎ ግን በወር 12,000 ነው፤ በ180 ወር 2,160,000 ብር። ልዩነቱ 864,000 ብር ነው። መንጃ ፈቃድዎን መጠቀም አለመቻልዎን፣ አሠሪዎ የሥራ ውልዎን ያቋረጠበትን ደብዳቤና የጥበቃ ቅጥርዎን ውል ያያይዙ። ፍርድ ቤቱ 40 በመቶውን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞተ። ኮሌጅ የሚያስተምረኝ እሱ ነበር። እጮኛው ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አልተጋቡም። እኔም እሷም ካሳ መጠየቅ እንችላለን?
ከደሴ

መልስ፦ እርስዎ አይችሉም። ያስተምርዎ እንደነበር ብጠራጠርም ባልጠራጠርም እህት በቁጥር 2095 ዝርዝር ውስጥ የለችም። እጮኛም ሚስት አይደለችም። የተፀነሰው ልጅ ግን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና በቁጥር 2 ላይ የተፀነሰ ልጅ ለጥቅሙ ሲሆን እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ተወልዶ 48 ሰዓት ከኖረ መብቱ ይጸናል። ችግሩ አባትነቱን ማስመዝገብ ነው፤ ወንድምዎ ቆሞ «ልጄ ነው» ሊል አይችልም። የቤተሰብ ሕጉ ግን አባት ከሞተ በእሱ ስም የአባት ወላጆች ልጁን መቀበል ይችላሉ ይላል፤ ወንድ አያት ወይም ሴት አያት፤ የልጁም እናት ማረጋገጥ አለባት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ይህን ገጽ ዛሬ ማታ ያንብቡላቸው፤ እጮኛዋም ከእነሱ ጋር ሳትኳረፍ በፊት።